«ሁኔታው ገና አልበሰለም» ለሚሉን

የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ከዓመት ዓመት የሚያሻግሩ ወገኖቻችን «ሁኔታው ገና አልበሰለም፤ በቂ ንባብ አላደረግንም» ይሉናል። ይህ ትሕትና መስሎ የቀረበ ፍርሃት ነው፤ ያልተጻፈ ምዕራፍ ማንም አይተቸውምና! ለመሆኑ ንባቡ የት ላይ እንደሚጎድል የሚታወቀው ሲጻፍ አይደለምን?

እንግሊዛዊው ፓርኪንሰን በ1955 እ.ኤ.አ. «ዘ ኢኮኖሚስት» ላይ ሥራ የተሰጠውን ጊዜ እስኪሞላ ድረስ እንደሚለጠጥ ጽፎ በመንግሥት ቢሮዎች ተሳለቀ። ቢሮክራቱስ ቢያንስ አለቃ አለበት፤ የእኛ ሰው ግን ጠያቂም ቀነ ገደብም የለውም። ስለ አገር ልማት ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከር ያድራል (ክርክሩስ ባልከፋ)፤ አሥር ገጽ አምጣ ሲባል ግን ዝም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው የጥናት ክበብ እያንዳንዱ አባል፣ የተሰረዘ የተደለዘም ቢሆን፣ አምስት ገጽ ይዞ ይምጣ፤ ባዶ እጁን የመጣ የሌላውን ጽሑፍ አይተች።