በኪራይ ቤት ደጃፍ ስላለው ደረጃ

ስለ ንጽሕናና ስለ ጤና አጠባበቅ ሲነገር የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ውሃ፣ ወደ መጸዳጃ ቤትና ወደ ዝንብ ይሄዳል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ተከራይ ወደ ውሃውም ሆነ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ለመድረስ በየቀኑ የሚወርድበትን ደረጃ የሚያስብ ሰው እምብዛም አይገኝም። ሰው ወድቆ አጥንቱ ሲሰበር ጎረቤት ተሰብስቦ «ክፉ ቀን ገጥሞት ነው» ወይም «አይቶ ባይረግጥ ነው» ይላል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። በአንድ ደረጃ ላይ ሰው ደጋግሞ ሲወድቅ ጥፋቱ የዕድል ሳይሆን የደረጃው ነው፤ ደረጃውንም ማስተካከል የሚገባው በኪራዩ የሚጠቀመው የቤቱ ባለቤት ነው እንላለን።

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በልዩ ልዩ ዓይነት የመውደቅ አደጋ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች ይሞታሉ፤ ከእነዚህም ውስጥ ከመቶ 80 የሚበልጡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ሳይታሰብ ከሚደርሱት ገዳይ አደጋዎች መካከል መውደቅ ከመንገድ አደጋ ቀጥሎ ሁለተኛውን ስፍራ ይዟል።

በብቸናና በሞጣ በተዳፋት ላይ ወይም ከመንገድ ከፍ ብለው ወደ ተሠሩት የኪራይ ቤቶች ለሚገባ ሰው የአደጋው ምክንያት ግልጽ ነው። ቤቱ በጥንቃቄ ይሠራል፤ ደረጃው ግን በመጨረሻ በተረፈው ድንጋይ ይደረደራል። ስለዚህ አንዱ እርከን ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል። እግር ሁለት ሦስት እርከን ከወረደ በኋላ የቀረውንም በዚያው ልክ ስለሚጠብቅ፣ በጥቂት ጣት የሚበልጥ ወይም የሚያንስ እርከን ሲያጋጥመው ይስታል። በብቸና ዙሪያ የሚገኘው ዋልካ አፈር ደግሞ በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ያለ በቂ መሠረት የተቀመጠበትም ድንጋይ ከዓመት ወደ ዓመት እየተናጋ ያዘነብላል። አሸንዳ የሌለው የቆርቆሮ ክዳን ውሃውን በዚሁ ላይ ያፈስሳል፤ በጫማ የመጣው ጭቃ ሲጨመርበትም እርከኑ እንደ ሳሙና ያሟልጫል።

በዚህ ደረጃ የሚመላለሱት እነማን ናቸው? ከገጠር መጥተው ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ልጆች፣ ጀሪካን ያዘሉ ሴቶች፣ ሆዷ ገፍቶ የምትረግጠውን ማየት የሚያስቸግራት ነፍሰ ጡር፣ ልጇን ልትጠይቅ የመጣች አሮጊት እናት ናቸው። መጸዳጃ ቤቱ ከግቢው ግርጌ ከሆነ በሌሊትም በጨለማ መውረድ ግድ ነው። ወጣቱን ቆዳውን ልጦ የሚለቅቀው ውድቀት የአሮጊቷን የዳሌ አጥንት ሊሰብር፣ ከዚያም ወዲያ ያለ ሰው ድጋፍ እንዳትቆም ሊያደርጋት ይችላል።

አንዳንድ አከራዮች «ተከራይ ዛሬ ገብቶ ነገ ይወጣል፤ ለእርሱ ብለን ለምን ሲሚንቶ እናፈስሳለን?» ይላሉ። ተከራዩም በሰው ቤት ገንዘቡን ማውጣት አይፈልግም፤ ቢናገርም ኪራይ እንዳይጨመርበት ይፈራል። በዚህ መካከል ደረጃው ተቆርቋሪ አጥቶ ይኖራል። ሕጉ ግን ባለቤት ሰጥቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 አንድ ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ያልታሰበ ቢሆንም እንኳ፣ ባለቤቱን ኀላፊ ያደርገዋል። እኛ ለትምህርት በሄድንበት በረዶ በሚጥልበት አገርም ባለቤቶች በማለዳ በደጃፋቸው ደረጃ ላይ አሸዋና ጨው ሲበትኑ አይተናል፤ የሚያልፈው ሰው ቢወድቅ የሚጠየቁት እነርሱ መሆናቸውን ያውቃሉና።

የሚያስፈልገው ሥራ ብዙ አይደለም። የእርከኖቹ ከፍታ ሁሉም እኩል ሆኖ ከ18 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት ከስንዝር ጥቂት ካነሰ ልክ፣ አይብለጥ። መርገጫው ሙሉ እግር የሚያሳርፍ፣ ከ28 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ይሁን፤ ገጹም ሻካራ ሆኖ ይሠራ። በአንድ ወገን ከአጣናም ቢሆን በወገብ ልክ የእጅ መደገፊያ ይቁም። ለክዳኑ አሸንዳ ይደረግለት። መብራት ከሌለ የእርከኑ ጠርዝ በጨለማ እንዲለይ ኖራ ይቀባ። ተከራዩም በበኩሉ ጭቃውን ይጥረግ፤ የልብስ እጣቢ በደረጃው ላይ አይድፋ፤ ሌሊት የእጅ ባትሪ ይያዝ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ የደረጃውም ነገር በውሉ ውስጥ ቢገባ ኋላ ከሚነሣ ክርክር ያድናል።

አደጋው ከደረሰ ደግሞ አጥንቱ ተሰብሯል ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ሳይታሽ በሞጣ ወይም በብቸና ወዳለው ሆስፒታል ይወሰድ። አጥብቆ ማሰር የደም መተላለፊያውን ዘግቶ እጅን ወይም እግርን እስከ ማስቆረጥ ያደርሳልና።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። በየቤቱ የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መጸዳጃ ቤቱን ሲመለከቱ ወደዚያ የሚወስደውንም ደረጃ እንዲመለከቱ፣ አከራዮችም ሰኔ ሳይገባ ድንጋዩን እንዲያስተካክሉ አጥብቀን እናሳስባለን። የጥቂት ቀን ሥራና የጥቂት ከረጢት ሲሚንቶ ዋጋ ከአንዲት እናት ዳሌ ጋር ሊመዘን አይችልም።