ለአንድ ጊታር ስንት መርገጫ ይበቃዋል?

የዚህን ጽሑፍ አርእስት አይታችሁ «ይህ ደግሞ ለእኛ ምናችን ነው?» ብላችሁ ገጹን ሳትገለብጡ ጥቂት ታገሡኝ። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የልጆች ጨዋታ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በውስጡ የገንዘብና የጆሮ፣ ከሁሉም ይልቅ የቃል ጉዳይ አለበት። ቃል በማይሰማበት አገር ባለቅኔውም ሰባኪውም አዝማሪውም ሥራ ፈት መሆናቸው የታወቀ ነው።

ለማያውቀው ሰው አስቀድሜ ልግለጽ። የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፁን የሚያገኘው ከሆዱ አይደለም፤ ከክሮቹ በታች ያለው ማግኔትና የሽቦ ጥቅል የክሩን መንቀጥቀጥ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጥና በሽቦ ወደ ድምፅ ማጉያው ይልከዋል። በዚህ መንገድ መካከል በእግር የሚረገጥ ትንሽ የብረት ሣጥን ይገባል። ፔዳል የሚሉት ይህን ነው፤ እኔም መርገጫ እለዋለሁ። አንዱ ድምፁን ያሻክራል፤ አንዱ እንደ ገደል ማሚቶ ይደጋግመዋል፤ አንዱ በባዶ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ ያስተጋባዋል፤ አንዱ ያወዛውዘዋል፤ ዋህ ዋህ የሚባለውም ሰው አፉን ከፍቶ ሲዘጋ የሚወጣውን ድምፅ የመሰለ ያሰማል። አንዱን ከሌላው በሽቦ እያያያዙ አምስትም ዐሥርም መደርደር ይቻላል። እንግዲህ ክርክሩ ስንቱ ይበቃል የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ ባለፈው ጥር ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ አጠገብ በአንድ መንደር የተጠራሁበት ሠርግ ነው። በዳሱ በአንደኛው ወገን ማሲንቆውን የያዘ አዝማሪ ተቀምጧል፤ በሌላው ወገን ከከተማ የመጣ ወጣት ጊታረኛ 11 መርገጫዎች በሰሌዳ ላይ ደርድሮ ቆሟል። ምሽቱ እየሞቀ በሄደ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ተነሡና እንደ አገራችን ልማድ «ተቀበል!» ብለው ለአዝማሪው ሁለት ስንኝ ሰጡት። አዝማሪው ተቀብሎ ዜመው፤ ነገር ግን የጊታሩ ማሚቶ በቃሉ ላይ እየተደራረበ ሄደና የሳቀ ሰው አልተገኘም። ሽማግሌውም ደግመው ሰጡ፤ አሁንም አልተሰማም። ሦስተኛ ሳይሞክሩ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

በዕረፍቱ ጊዜ ወደ ወጣቱ ቀርቤ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ሣጥን ምን ይሠራል?» ብዬ ጠየቅሁት። እርሱም ተነሥቶ በአክብሮት አንድ በአንድ አስረዳኝ። አራቱ የሚያሻክሩ፣ ሦስቱ የሚደጋግሙና የሚያስተጋቡ፣ የቀሩት የሚያወዛውዙና የሚያጣምሙ ናቸው። የተሠሩበትን አገር፣ በውጭ አገር ማን እንደሚጠቀምባቸውና የእያንዳንዳቸውን ዋጋ ያውቃል። «የትኛው ለየትኛው ዜማ ነው?» ባልሁት ጊዜ ግን ዝም አለ። ቆይቶም «ጋሼ፣ ሳይኖረኝ ቀርቶ ሰው እንዳይንቀኝ ብዬ ነው፤ አባቴ የሁለት ዓመት የበርበሬ ሽያጩን ሰጥቶኝ ነው የገዛኋቸው» አለኝ። በጃቢ ጠህናንና በቡሬ ገበሬ ዘንድ የበርበሬ ሽያጭ ምን ማለት እንደ ሆነ ለምታውቁ ሰዎች ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገኝም። ሰሞኑን ዓመታት ጦርነትና የኑሮ ውድነት ባየ አገር ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያሳዝናል።

እኔ በልጁ ላይ አልፈርድም። የምከራከረው «መርገጫ የሌለው ጊታረኛ ጦር የሌለው ወታደር ነው» እያሉ ልጆቹን ከሚያስጎመጁት ሰዎች ጋራ ነው። የሚያቀርቡትም ምክንያት ሦስት ነው።

በመጀመሪያ «የታላላቆቹ ሥራ በመርገጫ ብዛት የተገኘ ነው» ይላሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የማሻከሪያው መርገጫ አመጣጥ እንኳ ከብልሽት ነው። በአሜሪካ በናሽቪል ከተማ የማርቲ ሮቢንስ ዘፈን ሲቀረጽ አንዱ መሣሪያ ተበላሽቶ የባስ ጊታሩን ድምፅ አሻከረው፤ ሰዎቹም ወደዱትና ሳይፋቅ ቀረ፤ ዘፈኑም በፈረንጅ ዘመን አቆጣጠር በ1961 ወጣ። በ1962 የጊብሰን ኩባንያ ያንኑ የሻከረ ድምፅ የሚሰጥ መርገጫ ማይስትሮ ፈዝ ቶን ብሎ ለገበያ አቀረበ፤ በ1965 ሮሊንግ ስቶንስ የተባሉት እንግሊዞች በአንድ ዘፈናቸው ቢጠቀሙበት በዓለም ሁሉ ታወቀ። ዋህ ዋህም የተገኘው በ1966 ነው። በ1969 በዉድስቶክ ጉባኤ ሕዝብን ያስደነቀው ጂሚ ሄንድሪክስ በእግሩ ሥር የነበሩት ዋና ዋና መርገጫዎች ሦስት ናቸው፤ ይኸውም አንድ ዋህ ዋህ፣ አንድ ማሻከሪያ፣ አንድ ማወዛወዣ። የእኛው ሙላቱ አስታጥቄም በ1972 በኒው ዮርክ ባወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በተባለው ሸክላ የዋህ ዋህ ጊታር ይሰማል፤ ነገር ግን መርገጫው ለኢትዮጵያ ቅኝት አገልጋይ ሆኖ ገባ እንጂ ጌታ ሆኖ አልገባም። እንግዲህ ታላላቆቹን ምስክር አድርጎ የጠራ ሰው ምስክሮቹ በራሱ ላይ እንደ መሰከሩበት ይወቅ።

ሁለተኛም «ያለ መርገጫ ድምፁ ደረቅ ነው፤ ድምፅን ማስጌጥ ነውር ነውን?» ይላሉ። ነውርስ አይደለም። በገናን ተመልከቱ። ዐሥር አውታር አለው፤ በአውታሩና በብርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ቀጭን የቁርበት ቁራጭ ይገባል። ያ ልብ የሚነካው የሚንዘረዘር ድምፅ የሚወጣው አውታሩ እንዚራውን እየነካ ሲንቀጠቀጥ ነው። አባቶቻችን እንግዲህ ኤሌክትሪክ ሳይታሰብ ድምፅን የማስጌጥ ጥበብ ነበራቸው። ነገር ግን በገና ደርዳሪው እንዚራውን ለማስተካከል የሚታገሠውን ትዕግሥት አስቡ፤ ጥቂት ቢዛነፍ ድምፁ ይጠፋል። ደርዳሪውም ያንን አንድ ጌጥ እስኪያውቀው ድረስ ይደክምበታል እንጂ ዐሥር ዓይነት ጌጥ አይፈልግም።

ሦስተኛም «ዜማው ብዙ ዓይነት ነውና መርገጫውም ብዙ ሊሆን ይገባል» ይላሉ። ይህን ሲሰሙ የዜማ መምህሮቻችን ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ በሚባሉ በሦስት ዜማዎች የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት ሁሉ አዳርሷል። ምልክቶቹም ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ ስምንት ናቸው፤ ድርስና አንብር ቢጨመሩ ዐሥር ይሆናሉ። ወደ ዓለማዊውም ዘፈን ብንሄድ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የሚባሉት አራቱ ዋና ቅኝቶች ሐዘኑንም ደስታውንም ይሸከማሉ። ማሲንቆማ ያለችው አንዲት የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ናት፤ በእርስዋ ላይ የሚለዋወጠው የአዝማሪው ጣትና ደጋን ነው። ጊታረኛውም ክሩን ወደ መቆሚያው ጠጋ ብሎ ቢመታ ድምፁ ይሰላል፤ ወደ አንገቱ ጠጋ ቢል ይለሰልሳል። የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያውን በጥቂቱ ቢቀንስ የማሻከሪያው ጩኸት ይጠራል፤ ቢጨምር ይመለሳል። በእጁ ያለውን ሳያውቅ በእግሩ የሚፈልግ ሰው ውኃ በብር ወንዝ ዳር ቆሞ ጉድጓድ የሚቆፍረውን ሰው ይመስላል።

ዋሸራንና ጎንጅን ያፈራ የጎጃም ሰው ይህን ነገር ከሌላው ይልቅ ሊረዳው ይገባል። የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ነው። በሁለት ቤት ሰምና ወርቁን አስማምቶ ካላሳየ የኔታ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ አያሻግሩትም። ጉባኤ ቃና ያልሆነለት ልጅ «መወድስ ብጀምር ይሆንልኛል» ቢል ጓደኞቹ ይስቁበታል። ባንድ መርገጫ ዜማ ማውጣት ሳይችል በ11 እችላለሁ የሚለውን ግን እናጨበጭብለታለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመለሳለሁ። በፈረንጅ አገር ቃሉ ቢጠፋ ምቱ ብቻውን ሊያስጨፍር ይችላል። በእኛ አገር ግን ሕዝቡ ወደ አዝማሪው ጆሮውን የሚሰጠው ወርቁን ለመስማት ነው። ወርቁም የሚገኘው ብዙ ጊዜ ባንዲት ፊደል መጥበቅና መላላት ነው። «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። ይህን ልዩነት ፊደላችን አይጽፈውም፤ የሚያውቀው ጆሮ ብቻ ነው። እንግዲህ ማሚቶው የፊተኛውን ፊደል በኋለኛው ላይ ሲደርብ መጥበቁና መላላቱ አንድ ይሆናል፤ ኅብረ ቃሉም ይሞታል። በዚያ ምሽት የሽማግሌውን ስንኝ የገደለው ይህ ነው። የአባትየው በርበሬ የተሸጠው ቃልን ለመቅበር ሆነ ማለት ነው።

«ዘፈን ነው፤ ለካህን ምን ይገደዋል?» የሚል ቢኖር ወደ ራሳችን ግቢ እንይ። በየበዓሉ በምናቆመው የድምፅ ማጉያ ላይ የማስተጋቢያውን ቁልፍ እስከ መጨረሻ የሚያዞረው ማን ነው? መዝሙሩ ቃሉ ሳይለይ እንደ ነጐድጓድ ሲያስገመግም፣ ስብከቱም ሦስት ጊዜ እየተደጋገመ ሲሰማ «ግርማ አለው» ብለን እናልፈዋለን። ምእመኑ ያልሰማው ቃል ምን ግርማ አለው? ወጣቱ ማሚቶን ማፍቀር የተማረው ከሠርግ ቤት ብቻ አይደለም፤ ከእኛም ነው። ስለዚህ ወቀሳው እኩል ይድረሰን።

«ነቅፈሃል፤ እንግዲህ ቍጥሩን ተናገር» የምትሉኝ እንደ ሆነ እነሆ እናገራለሁ። ሦስት ይበቃል። አንደኛው መቃኛ ነው፤ ያልተቃኘ ጊታር በምንም አይጌጥምና። እርሱም ቢሆን የሚያውቀው የፈረንጅን 12 ድምፅ ብቻ ስለ ሆነ፣ አዝማሪው በአንቺ ሆዬ በመካከላቸው ሲገባ ጆሮ ከመቃኛው በላይ ይታዘዝ። ሁለተኛው አንድ ማሻከሪያ፣ ሦስተኛው በጥቂቱ የሚያስተጋባ አንድ መርገጫ ነው። ዋህ ዋህን አጥንቶ የቻለበት ሰው አራተኛ ያድርገው። ከዚህ የሚያልፈውን ሁሉ በዚህ ፈተና መርምሩት፤ አንዱን መርገጫ አጥፍታችሁ ተጫወቱ፤ በዳሱ ጫፍ የተቀመጠው ሰው መጥፋቱን ካላወቀ አያስፈልጋችሁም፤ ሲጠፋ ቃሉ ይበልጥ ከተሰማው ደግሞ ዛሬውኑ ሽጡት። እያንዳንዱ መርገጫ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ እያንዳንዱም የሽቦ መጋጠሚያ ድምፅ የሚቋረጥበት አንድ ተጨማሪ በር ነው። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሠርጉ ፍጻሜም ይህንኑ አሳየ። ወደ እኩለ ሌሊት ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨርሶ ቆመ። 11ዱ የመርገጫ መብራቶች ባንድ ጊዜ ጠፉ፤ ጊታሩም ዝም አለ። አዝማሪው በፋኖስ ብርሃን ማሲንቆውን አነሣና «አባባ፣ ያችን ስንኝ እንደ ገና ይስጡኝ» አላቸው። ሽማግሌውም ሰጡ። ስንኙ ከዳሱ ታዳሚዎች አንዱን የሚነካ ስለ ሆነ እዚህ አልጽፈውም፤ ነገር ግን ዳሱ በሳቅ ተናወጠ፤ የተነካውም ሰው ከሁሉ ይልቅ ሳቀ። ወጣቱ ጊታሩን ታቅፎ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። በኋላም ወደ እኔ መጥቶ «ጋሼ፣ ለካ እንዲህ ነበር ያሉት» አለኝ።

እኔም የምለው ይኸው ነው። መርገጫን የሚቈጥር ሰው አስቀድሞ የተሰማውን ቃል ይቍጠር። ይህን አሳቤን የሚቃወም ጊታረኛ ወይም ነጋዴ ቢኖር ብዕሩን አንሥቶ በዚሁ ገጽ ይመልስልኝ፤ ብቻ መልሱን ያለ ማሚቶ ያድርገው።