«ከዓለም አማካይ በታች»፣ «ከአፍሪካ አማካይ በላይ»፦ ቆቦ በየትኛው ቁጥር ውስጥ ነው ያለችው?

ስልካችን ላይ ሁለት ዓይነት ግራፍ በየጊዜው ይመላለሳል። አንዱ ቀይ ነው፤ «የኢትዮጵያ መንግሥት አገልግሎት ከዓለም አማካይ በታች» ይላል። ሌላው አረንጓዴ ነው፤ «ከአፍሪካ አማካይ በላይ» ይላል። ከዚያ ንትርክ ነው።

ገራሚው ነገር ሁለቱም ላይዋሹ ይችላሉ። ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል በየዓመቱ የሚያወጣውን የሙስና መለኪያ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ ከ100 ያገኘችው 37 ነው፤ ከ180 አገሮች 99ኛ። የዓለም አማካይ 43 ነው። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች አማካይ ደግሞ 33 ነው። በቃ፣ መውቀስ የፈለገ 43ን ያወጣል፣ ማመስገን የፈለገ 33ን ይለጥፋል።

እኛ ዛሬ ማንሳት የፈለግነው ሌላ ጥያቄ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ለቆቦና ለራያ ቆላ ልጅ ምን ይነግሩታል? እሱስ ውስጣቸው አለ ወይ? እስቲ አንድ በአንድ አብረን እንያቸው።

37ቱን ማን ሰጠ?

የሙስናው መለኪያ የሚሰላው ባለሙያዎችና የንግድ ሰዎች ስለ አገሩ ያላቸውን አስተያየት ከሰበሰቡ ጥናቶች ነው። ለአንድ አገር የሚወጣውም አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ቢሮ በር ላይ ተሰልፎ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለስ» የተባለ ወጣት አልተጠየቀም። የመሬት ደብተሩን ለማስተካከል ሦስት ቀን ከማሳው የቀረ ገበሬም አልተጠየቀም።

መለኪያው ውሸት ነው እያልን አይደለም። አገርን ከአገር ለማወዳደር ይጠቅማል። ቆቦ ላይ ጉዳይ ለማስጨረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ግን ከ37 ውስጥ አታገኙትም።

ኦንላይን አገልግሎትና ኔትወርክ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በየሁለት ዓመቱ የኤሌክትሮኒክ መንግሥት ደረጃ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 ኢትዮጵያ ከ193 አገሮች 179ኛ ነበረች። ነጥቧ ከ1 ውስጥ 0.29 ገደማ ነው። የአፍሪካ አማካይ 0.41፣ የዓለም 0.61 ነበር። እዚህ ላይ አረንጓዴው ግራፍ አይሠራም፤ ከአፍሪካም በታች ነን።

ከዚያ ወዲህ የተሠራ ሥራ አለ። ፋይዳ መታወቂያ ተስፋፍቷል። በሚያዝያ 2017 «መሶብ» የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ ተከፍቶ ወደ ክልሎችም መውጣት ጀምሯል። ይሄ ጥሩ ነው።

ነገር ግን ኦንላይን አገልግሎት የሚሠራው ኔትወርክ ሲኖር ነው። በአማራ ክልል ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ቁጭ ብሎ በስልክ የሚያልቅ ጉዳይ በዚያ ሁሉ ጊዜ ለቆቦ ልጅ አልነበረም።

ፓስፖርትን ውሰዱ። ማመልከቻው ኦንላይን ነው፤ አሻራ ግን በአካል ነው። ቀጠሮው ደሴ ቅርንጫፍ ከሆነ ከቆቦ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የትራንስፖርት፣ የአልጋ፣ የምግብ ወጪ አለ። መንገድ የተዘጋ ቀን ደግሞ ቀጠሮው ይቃጠላል። በአገር ደረጃ «አገልግሎቱ ዲጂታል ሆኗል» ተብሎ አንድ ነጥብ ይያዛል። በዚያው አገልግሎት አንዱ ሃያ ደቂቃ፣ ሌላው ሁለት ቀን ይከፍላል።

መንግሥት ስንት ይሰበስባል?

«ለምን እንደ አውሮፓ አይሆንም?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። አንድ ቁጥር አብረን እንያዝ። ኢትዮጵያ በ2015 እና በ2016 በጀት ዓመት የሰበሰበችው ግብር ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ከ12 በመቶ በላይ ነበር። የአፍሪካ አገሮች አማካይ 16 በመቶ አካባቢ ነው። የበለጸጉት የኦኢሲዲ አገሮች 34 በመቶ ገደማ ይሰበስባሉ።

ይህ ማለት መንግሥት ከምርቱ የሚደርሰው ድርሻ ከአፍሪካ አማካይ ግማሽ እንኳን አይሞላም። ወረዳ ላይ ሲደርስ ደግሞ አብዛኛው በጀት ለደመወዝ ይሄዳል። ለመድኃኒት፣ ለመጽሐፍ፣ ለጄኔሬተር ነዳጅ፣ ለሞተር ሳይክል ጥገና የሚተርፈው ትንሽ ነው። «ሠራተኛው ሰነፍ ነው» ብሎ መጨረስ ቀላል ነው። ግን ወረቀትና መኪና የሌለው ባለሙያ ቆላ ቀበሌ ድረስ ወርዶ አገልግሎት አይሰጥም።

ይሄ ሰበብ መሆን የለበትም። ገንዘብ ባነሰ ቁጥር የት እንደዋለ በግልጽ መታየት አለበት።

የ12ኛ ክፍል ውጤት፦ መቶኛው ለምን ጨመረ?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሦስት ዓመት ውጤት ይሄው፦

በ2015፦ 845,188 ተፈተኑ፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ናቸው። 3.2 በመቶ።

በ2016፦ 674,823 ተፈተኑ፤ 36,409 አለፉ። 5.4 በመቶ።

በ2017፦ 585,882 ተፈተኑ፤ 48,929 አለፉ። 8.4 በመቶ።

መቶኛው ከሁለት እጥፍ በላይ አድጓል። ያለፉት ልጆች በቁጥርም ጨምረዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ደስ ይላል። ግን የተፈታኙን ቁጥር ደግማችሁ እዩት። በሁለት ዓመት ውስጥ በ259 ሺህ ቀንሷል።

ለዚህ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ሆኖም በአማራ ክልል በ2017 የትምህርት ዘመን ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ ተናግሯል። ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ልጅ ፈተና ላይ አይቀመጥም። ካልተቀመጠ አይወድቅም። ካልወደቀ ደግሞ መቶኛውን አያወርድም። የማለፍ ምጣኔ ብቻ የሚያይ ሰው ይህ ልጅ መኖሩንም አያውቅም።

ስለዚህ ማንም «በዚህን ያህል በመቶ አድጓል» ሲላችሁ «ከስንት ሰው?» በሉት። ይቺ አጭር ጥያቄ ብዙ ነገር ታወጣለች።

ለመሆኑ ስንት ነን?

የዓለም ንጽጽር አብዛኛው የሚሠራው በሕዝብ ቁጥር በማካፈል ነው። ሐኪም ለስንት ሰው፣ ጤና ጣቢያ ለስንት ሰው፣ በጀት በነፍስ ወከፍ። ታዲያ አካፋዩን ከየት እናመጣለን?

ኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ ሕዝቧን የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ ይቆጠራል ይላል። የተባበሩት መንግሥታት ምክርም ይኸው ነው። የ2010ሩ ቆጠራ ተራዘመ፣ የ2011ዱም ተራዘመ፣ ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ከዚያ ጦርነት። ይህን የምታነቡ 18 ዓመት ያልሞላችሁ ልጆች በአገራችሁ ቆጠራ አንድም ቀን አልተቆጠራችሁም ማለት ነው።

በ1999 ቆጠራ የራያ ቆቦ ወረዳ ሕዝብ ከ220 ሺህ በላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ተቀየረ! ጦርነቱ በሐምሌ 2013 ቆቦ ገባ። በነሐሴ 2014 ተመልሶ መጣ። በ2015 መጨረሻ ሌላ ውጊያ ተከተለ። የሞተ አለ፣ የተፈናቀለ አለ፣ በጅቡቲና በየመን በኩል ሳዑዲ የሄደ ወጣት አለ፣ ከሌላ ቦታ ተፈናቅሎ የመጣም አለ። ትንበያ ግን ወረቀት ላይ በቀጥታ መስመር ያድጋል።

የአማራ ክልል ሰው ይህን ታሪክ በደንብ ያውቀዋል። የ1999ኙ ቆጠራ የክልሉን ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ሲያደርገው ከትንበያው በ2.4 ሚሊዮን ገደማ አንሶ ተገኘ። ጉዳዩ ፓርላማ ድረስ ሄዶ አከራክሯል። ክርክሩ ለምን እንዲህ ጦፈ? የፌዴራል ድጎማ ሲከፋፈል የሕዝብ ብዛት አንዱ ዋና መስፈርት ስለሆነ ነው። ክልሉም በተራው ለወረዳ ሲያካፍል ሕዝብ ይቆጥራል። ቁጥር ከተሳሳተ የጤና ጣቢያው መድኃኒት ያንሳል፣ ክፍል ውስጥ ተማሪ ይታጨቃል።

ጥናቶችም እንዲሁ ናቸው። በ2013 የተሠራው አገር አቀፍ የሥራ ኃይልና ፍልሰት ጥናት በጦርነቱ ምክንያት ትግራይን አላካተተም። «የኢትዮጵያ የሥራ አጥነት ምጣኔ» ተብሎ ሲጠቀስ ያልተጠየቀ አንድ ሙሉ ክልል አለ ማለት ነው። አገልግሎት ክፉኛ የተጎዳበት ቦታ ብዙ ጊዜ ጠያቂ የማይደርስበት ቦታም ነው። በዚህም አማካዩ ከእውነታው የተሻለ መስሎ ይወጣል።

መብራት «አለ» ሲባል

ሌላ ምሳሌ። የዓለም ባንክ አሃዝ እ.ኤ.አ. በ2022 ከኢትዮጵያውያን 55 በመቶ ገደማ መብራት ያገኛሉ ይላል። ከሰሃራ በታች ካለው አማካይ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ዓለም ግን 91 በመቶ ላይ ነው።

ይህ ቁጥር መብራቱ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚኖር አይነግረንም። ቆቦ ላይ ደግሞ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት የተመሠረተው ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ በሚወጣ ውኃ ላይ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ፓምፑ ከቆመ በቆላው ሙቀት ማሳው ወዲያው ይጠወልጋል። እሱ በስታትስቲክሱ «መብራት ያለው» ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ማሳው ግን ደርቋል።

ታዲያ አማካይ አይጠቅምም?

ይጠቅማል! በደንብ ከተቆጠረ በጣም ይጠቅማል። በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ወደ 67፣ በ2011 ወደ 59 ወረደ። የዓለም አማካይ አሁን 37 አካባቢ ነው። ይህ ለውጥ የመጣው በመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ቤት ለቤት በሄዱ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን፣ በክትባት፣ በጤና ኬላ። ያየነውም ቤት ለቤት ተሄዶ ስለተጠየቀ ነው።

ስለዚህ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይለወጥም የሚለው ተስፋ መቁረጥ ትክክል አይደለም። ተለውጦ ያውቃል። ያንን ለውጥ ጦርነት ሲሸረሽረውም ማየት የምንችለው ስንቆጥር ነው። በ2014 የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች መዘረፋቸው የተመዘገበው ሰው ሄዶ የጎደለውን ስለቆጠረ ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ቀጣይ ግራፍ ስልካችሁ ላይ ሲመጣ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የማን አማካይ ነው፣ የዓለም ወይስ የአፍሪካ? ማን ተጠየቀ፣ ባለሙያ ወይስ ተገልጋይ? ማን ሳይቆጠር ቀረ?

ሁለተኛው የበለጠ ቅርብ ነው። ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች «የዜጎች ቻርተር» የሚባል ሰሌዳ በራቸው ላይ አላቸው። ይህ አገልግሎት በዚህን ያህል ቀን፣ በዚህን ያህል ክፍያ ይሰጣል ይላል። የወረዳ በጀትም ለሕዝብ እንዲለጠፍ የተዘረጋ አሠራር አለ። ቆቦ፣ ሮቢት፣ ጎብዬ ያላችሁ ቢሮ ስትሄዱ ሰሌዳውን አንብቡ። «ሁለት ቀን» ከተባለና ሃያ ቀን ከፈጀባችሁ ቀኑን መዝግቡ። ሰሌዳውም ካልተሰቀለ እሱንም ጻፉ። መሥሪያ ቤቱን ከዴንማርክ ጋር ማወዳደር አያስፈልግም፤ ራሱ በጽሑፍ ከገባው ቃል ጋር ማወዳደር ይበቃል።

ከመንግሥት የምንጠብቀውም ግልጽ ነው። ቆጠራው የሚካሄድበት ሁኔታ ይፈጠር፤ ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ ሰላም ያስፈልጋል። ጠመንጃ ያነሱ ወገኖችም ሁሉ ትምህርት ቤትን፣ ጤና ጣቢያን፣ ቆጣሪን አይንኩ። የትምህርት ውጤት ሲነገር ያልተፈተኑት ቁጥር ጎን ለጎን ይነገር። የአገር አማካይ ሲወጣ በዞንና በወረዳ ተዘርዝሮ ይውጣ።

37ም ይሁን 43፣ ማንም ቢለጥፈው፣ የራያ ቆላ ልጅ ውስጡ ከሌለ የሙሉ አገር ቁጥር አይደለም። መቆጠር መብታችን ነው፤ አገልግሎቱም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እናንተ አካባቢ አንድ ጉዳይ ለማስጨረስ ስንት ቀን ፈጀ? የአገልግሎቱን ዓይነት፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ቀንና የፈጀባችሁን ቀን ላኩልን። የሰው ስም አትጻፉ፤ ቀኑ ይበቃናል። ሰብስበን፣ ቆጥረን እንመለስበታለን።