ማዘን እምነት ማጣት አይደለም

በመካከላችን አንድ መጥፎ ልማድ እየተስፋፋ ስለ ሄደ በዝምታ ልናልፈው አልቻልንም። ይኸውም ያዘነውን፣ የፈራውን ወይም የተቆጣውን ጓደኛችንን «እምነትህ ቢጸና ኖሮ እንዲህ ባልሆንህ ነበር» እያልን መገሠጻችን ነው። ምክር የሰጠን ይመስለናል፤ ዳሩ ግን በቁስሉ ላይ እንጨት መስደዳችን ነው።

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ባለፈው ዓመት በፈተና ሰሞን አንድ የመኝታ ቤት ጓደኛችን የእናቱን ሞት በስልክ ሰማ። በአገራችን ወግ መርዶ የሚነገረው ገና ሳይነጋ፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው። እሱ ግን በአልጋው ጠርዝ ላይ እንደ ተቀመጠ ብቻውን ሰማው። እኛም «በርታ እንጂ፤ ክርስቲያን አይደለህም ወይ?» ብለነው ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድን። ከዚያ ወዲያ በፊታችን አላለቀሰም፤ ስለዚህም የተጽናና መሰለን።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ቄስ ሊጠይቁት መጡ። ስብከት አልጀመሩም። ከአጠገቡ ተቀምጠው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ወደ እኛ ዞረው «ለመሆኑ ይህ ልጅ እህል ቀምሷል?» አሉን። የምንመልሰው አጣን። ጓደኛችን ያን ጊዜ አለቀሰ፤ ካለቀሰም በኋላ ከእኛ ጋር በላ።

ይህ ጥያቄ የነቢዩን የኤልያስን ታሪክ አስታወሰን። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 እንደ ተጻፈው፣ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ 450ውን የበኣል ነቢያት ካሳፈረ በኋላ ኤልዛቤል ልትገድለው ስለ ዛተች ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፤ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞትን ለመነ። በጸሎቱ እሳት ከሰማይ ያወረደ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ ከእኛ መካከል ተስፋ የቈረጠ ቢገኝ ምን ያስደንቃል?

የተደረገለትንም ተራ በተራ እንመልከት። በመጀመሪያ እንዲተኛ ተተወ። ከዚያ መልአክ ቀስቅሶ እንጐቻና ውኃ ሰጠው፤ ደግሞ ተኛ፤ ሁለተኛም ተቀስቅሶ በላ። 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጕዞ ኮሬብ ሲደርስ እግዚአብሔር ስለ ሁኔታው ጠየቀው፤ ብሶቱንም ሁለት ጊዜ ሲናገር ሰማው። ከዚህ በኋላ ሥራ ሰጠው፤ ብቻውን የቀረ መስሎት ነበርና 7,000 ሰዎች እንዳሉ አስታወቀው፤ ኤልሳዕንም ጨመረለት። እንግዲህ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ የሚሰማ ጆሮ፣ ሥራና ባልንጀራ ሁሉም በየተራቸው ተሰጡት። «እምነትህ ጐደለ» የሚል ቃል ግን በዚያ ምዕራፍ ውስጥ አይገኝም።

ጌታችንም አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል። አባቶቻችን የዕለት ጸሎታቸው ያደረጉት መዝሙረ ዳዊት ምስጋና ብቻ ሳይሆን ምሬትና ሮሮም የሞላበት ነው።

«ይህማ ለስሜት መገዛትን ማስተማር ነው» የሚሉን ይኖራሉ። አይደለም። ለስሜት መገዛትና ስሜትን አውጥቶ ለእግዚአብሔር መንገር ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ቁጣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ እንዳይቈይ መከረ እንጂ ክርስቲያን ከቶ አይቈጣም አላለም። ወሰን የሚደረገው መኖሩ ለታመነ ነገር ነው። የተደበቀ ኀዘንና የተዋጠ ቁጣ ግን ወሰን የለውም፤ ውስጥ ውስጡን ሲበላ ይኖራል።

ስለዚህ ለመኝታ ቤት ጓደኞቻችን ሁሉ የምናሳስበው ይህን ነው። ኀዘን የደረሰበትን ወይም በፈተና ወድቆ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረውን ወንድማችንን ብቻውን አንተወው። እኅቶቻችንም እንዲሁ ያድርጉ። ከምክር በፊት እህል እናቅርብ፤ እንዲተኛ መብራቱን እናጥፋለት፤ ሲናገር እንስማው፤ ጸሎቱንም ለእሱ አዝዘን ሳይሆን ከእሱ ጋር ሆነን እናድርስ። ነገሩ የሰነበተና የከበደ እንደ ሆነ ወደ ንስሐ አባቱም ወደ ሐኪምም አብረነው እንሂድ፤ ወንጌልን የጻፈልን ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበርና ሕክምና መፈለግ እምነትን መካድ አይደለም።

የፈተናው ሰሞን ደግሞ ተቃርቧል። ወደ ቤተ መጻሕፍት ከመሮጣችን በፊት በየአልጋው ላይ ማን እንደ ቀረ ዘወር ብለን እንይ።