ትናንት ሰማያዊ፣ ዛሬ ሐምራዊ፤ ጥፋቱ የማሽኑ ነውን?

ባለፈው ሰሞን የየክፍሉን የበር ሰሌዳ በማይዝግ ብረት ላይ በፋይበር ሌዘር እንድንሠራ ታዘን ነበር። የመጀመሪያዎቹ አራት ሰሌዳዎች እንደ ተፈለገው ደማቅ ሰማያዊ ሆነው ወጡ። አምስተኛው ግን ሐምራዊ ሆነ፤ ስድስተኛው ጭራሽ የደረቀ ሣር መሰለ። ቁጥሩን ማንም አልነካውም። ወዲያው ክርክር ተነሣ፤ ግማሻችን «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ጠጋኝ ይጠራ» አልን፣ ግማሻችን ደግሞ በመብራቱ አመካኘን። ነገሩ የገባን ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ጥፋቱ የራሳችን ነበር።

በመሠረቱ ሌዘሩ ቀለም አይቀባም። የሚሰጠው ሙቀት ብቻ ነው። የብረቱ ገጽ ሲግል ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ፣ ውፍረቱ በናኖ ሜትር የሚለካ እጅግ ስስ ሽፋን ያበጃል። ከሽፋኑ ላይ የተንጸባረቀው ብርሃንና ከሽፋኑ ሥር የተንጸባረቀው ሲገናኙ አንዱን ቀለም ያጎሉታል፣ ሌላውን ያጠፉታል። ክረምት ላይ ሳሪስ መንገድ ዳር በተጠራቀመ ውሃ ላይ የመኪና ዘይት ጠብ ሲል የምናየው ኅብረ ቀለም ከዚህ የተለየ አይደለም። እንግዲህ ሽፋኑ ጥቂት ሲወፍር ወይም ሲሳሳ ቀለሙ ይለወጣል ማለት ነው። ሰሌዳውን ዘንበል አድርጎ ያየ ሰውም ሌላ ቀለም ያያል፤ ይህን እንኳ ሳናውቅ ነበር አንዱ ቆሞ፣ ሌላው ተቀምጦ እያየ የተጨቃጨቅነው!

ለመሆኑ ምን አጠፋን? አራቱ ሰሌዳዎች ከአንድ ላሜራ የተቆረጡ ሲሆኑ የቀሩት ከምናለሽ ተራ የተገዙ ቁርጥራጮች ናቸው። በዓይን ሲታይ ሁሉም ያበራል፤ ነገር ግን 304 የሚባለውና 201 የሚባለው የማይዝግ ብረት የክሮምና የኒኬል መጠናቸው ስለሚለያይ በአንድ ቁጥር አንድ ቀለም ይሰጣሉ ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የጣት ቅባትም አለ፤ በአልኮል የተጠረገውና ያልተጠረገው ተደባልቋል። ቁርጥራጮቹ ጎበጥ ያሉ ስለነበሩ ከሌንሱ ያላቸው ርቀት ተዛንፏል።

ከሁሉ ያስገረመን ግን የፊደሉ ነገር ነው። በሰፊው ጠርዝ ላይ ሰማያዊ የሰጠን ቁጥር በፊደሎቹ ቀጭን እግር ላይ ሌላ ቀለም አወጣ። ምክንያቱም ጨረሩ ቦታውን የሚሞላው መሥመር በመሥመር እየደረደረ ነው። መሥመሩ አጭር ሲሆን ጨረሩ ቶሎ ይመለስና የቀደመው መሥመር ሳይበርድ ሌላው ይደረብበታል፤ ሙቀቱ ይጠራቀማል። ትንሽ ሰሌዳም ከትልቁ ይልቅ ቶሎ ስለሚግል መጨረሻ የተጻፈው ፊደል ከመጀመሪያው ሊለይ ይችላል። በቃ፣ ማሽኑ ያዘዝነውን ነው የሠራው። (የመነጽሩንም ነገር እንዳንረሳው፤ የጨረሩ ሞገድ 1064 ናኖ ሜትር ገደማ ነው፣ ዓይን አያየውም፣ የብየዳ መነጽርም የራሱን መነጽር አይተካም።)

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታችን እንምጣ። በመካከላችን ግሩም ወርቃማ ቀለም የሚያወጡ ጓደኞች አሉ። ፍጥነቱን፣ ኃይሉን፣ የምቱን ድግግሞሽ፣ የመሥመሮቹን ርቀት ስንጠይቃቸው ፈገግ ብለው «ሙያ በልብ ነው» ይሉናል። ለሌላ ጉዳይ ቢሆን አንከራከርም፤ ነገ አስተማሪ ለሚሆን ሰው ግን ይህ ጨርሶ አይሠራም። በአገራችን ብረት ሠሪ ቀጥቃጭ፣ ጠይብ እየተባለ ሲናቅ ኖሯል፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። የተናቀ ሰው ሙያውን ለልጁ ብቻ ቢያወርስ አይፈረድበትም። እኛን ግን ማን ናቀንና ነው የምንደብቀው?

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለን። ዛሬ ውጤት የሚሰጠው አንድ ቆንጆ ሥራ ላቀረበ ነው። አንድ ቆንጆ ሥራ እኮ በአጋጣሚም ይወጣል! ለልምምድ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ወዳሉ ብረታ ብረት ቤቶች ስንወጣ ሃምሳ ሰሌዳ ያዘዘ ደንበኛ ሃምሳውም አንድ እንዲሆንለት ይፈልጋል። ይልቅስ አንድ ቀለም በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ በሦስት ሰሌዳ ላይ ይታይ፤ ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀትም አብሮ ይቅረብ። ከሥራው በፊት ደግሞ ከዚያው ላሜራ በተቆረጠ ቁራጭ ላይ ፍጥነቱን በአንድ ወገን፣ ድግግሞሹን በሌላ ወገን እየለዋወጡ የትናንሽ አራት ማዕዘኖች ሠንጠረዥ መሥራት ግዴታ ይሁን። ጊዜ ያባክናል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጃል፤ ጭቅጭቁ ግን ሁለት ቀን ነው የፈጀብን።

የምንመደብበት ኮሌጅ ሌዘር ባይኖረውስ? የተወለወለ ተራ የካርቦን ብረትና የጋዝ ነበልባል ይበቃል። በ220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ፈዛዛ ቢጫ፣ በ255 ቡናማ፣ በ280 ሐምራዊ፣ በ300 ሰማያዊ እየሆነ ሲሄድ ተማሪው በዓይኑ ያያል። መሮ የሚሠሩ ብረት ሠሪዎች ቴርሞ ሜትር ሳይዙ የሙቀቱን መጠን የሚያውቁት በዚሁ ቀለም ነው።

ከወርክሾፑ በር አጠገብ ሠንጠረዥ የተሰመረበት ካርቶን ሰቅለናል። በመጀመሪያው መሥመር የተበላሸብንን ሐምራዊ ከነቁጥሩ ጽፈንበታል። ወርቃማውን የምታወጡ ጓደኞቻችን፣ እርሳሱ በክር ታስሮ አጠገቡ አለ።