የሰው ጋሻ ተውሰን እስከ መቼ?

የመንግሥትን ስለላ ያላወገዘ የተቃዋሚ ልሳን፣ ያልተራገመ የስብሰባ ተናጋሪ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። መግለጫው ሲወጣ፣ ሰልፉ ሲጠራ፣ ለቴሌቪዥን ጣቢያ ገንዘቡ ሲዋጣ ኖሯል። ይህ ሁሉ ያስመሰግናል እንጂ አያስነቅፍም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ዓመታት ነጎዱ። በሲያትልና በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልምና በቴል አቪቭ፣ በአዲስ አበባም ጭምር ኮድ እየጻፉ እንጀራቸውን ከሚበሉት ወገኖቻችን መካከል፣ ጋዜጠኛውንና ምንጩን ከሰላይ ዓይን የሚሸሽገውን ሶፍትዌር በመሥራት የሚሳተፉት ስንት ናቸው? መልሱን ይቅርና ጥያቄውን ያነሣ ማኅበር አልሰማሁም።

ስጋቱ የምናብ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በመጋቢት 2013 ሲቲዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ተቋም፣ የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባ ፊንስፓይ የተሰኘ የስለላ ፕሮግራም ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘ መሆኑን ይፋ አደረገ። በየካቲት 2014 በውጭ አገር የሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም በሠራው መሣሪያ መጠቃታቸውን አጋለጠ። በሐምሌ 2015 የዚሁ ኩባንያ ሰነዶች በተራቸው ተሰርቀው ሲበተኑ፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ከደንበኞቹ አንዱ ሆኖ ተገኘ። በሚያዝያ 2014 በታሰሩት የዞን 9 ጦማርያን ላይ የቀረበው የሽብር ክስ ደግሞ፣ መልእክትን በምስጢር መያዝን የሚያስተምረውን ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ የተባለ መሣሪያ በማስረጃነት ጠቅሷል። ልብ በሉ፤ በዚያች አገር በርን መዝጋት ራሱ ሌብነት ሆኖ ተቆጥሮ ነበር።

ጋሻው የቱ ነው ለሚለኝ አንድ ልጥቀስ። ቶር ይባላል። ሐሳቡ በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ተጠነሰሰ፤ መረቡ በ2002 ሥራ ጀመረ፤ ከ2006 ወዲህ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ይመራዋል። አሠራሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ነው። የተጠቃሚው መልእክት በድርብርብ ምስጢር ተጠቅልሎ፣ በጎ ፈቃደኞች በሚያንቀሳቅሷቸው ሦስት ኮምፒውተሮች በኩል ያልፋል። እያንዳንዱም አንድ ልጣጭ ብቻ ይልጣል። የመጀመሪያው ኮምፒውተር ላኪውን እንጂ መድረሻውን አያውቅም፤ የመጨረሻው መድረሻውን እንጂ ላኪውን አያውቅም። አንዱን ብቻ የያዘ ሰላይ ማን ምን እንዳነበበ አይደርስበትም።

ይህ ጋሻ የእኛንም አገር ያውቃታል። በግንቦት 2012 ቶር በኢትዮጵያ መሥራት አቆመ። ከዚያ በፊት የተለመደው ድረ ገጾችን በስማቸው እየለዩ መዝጋት ነበር። ያን ጊዜ ግን የሚያልፈውን መልእክት ሆድ ዕቃ የሚፈትሽ ቴክኖሎጂ ሥራ ላይ ዋለ። ሁለት ኮምፒውተሮች ግንኙነት ሲጀምሩ በሚለዋወጡት ሰላምታ ላይ፣ የቶር ሰርቨር የሚሰጠው መልስ መንገድ ላይ ተጠልፎ ይቀር ነበር። ይህ የታወቀው አንድ በጎ ፈቃደኛ በሰበሰበው መረጃ ነው። አንድ ሰው! ለጊዜው ማምለጫ የሆነው ደግሞ የቶርን መልእክት ሌላ ነገር አስመስሎ የሚያለብሰው ኦብፍስፕሮክሲ የተባለ ፕሮግራም ነው። በዚያው ዓመት የካቲት፣ ኢራን ቶርን ስትዘጋ የወጣ ነበር። ለኢራናውያን የተሰፋውን ልብስ ነው ተውሰን የለበስነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም ያሉት አባቶቻችን ለካ ይህንንም አስበው ኖሯል።

«ያ ዘመን አለፈ» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ2018 ተዘግተው የነበሩ ከ200 በላይ ድረ ገጾች ተከፈቱ፤ እልልም አልን። በየካቲት 2023 በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ውዝግብ ሲነሣ ግን ፌስቡክና ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ፤ እስከ ሐምሌም አልተከፈቱም። ሹማምንቱ ተለወጡ፤ መዝጊያው ግን በቦታው ነበር። ከሁሉ የሚያሳፍረው የእኛው ነገር ነው። ትናንት የራሱ ወገን ሲሰለል የጮኸ፣ የሌላው ሲዘጋበት «የአገር ደኅንነት ነው» ብሎ ሲከራከር ታዝበናል። ሥልጣን ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት አገር የዛሬው አጨብጫቢ የነገ ታሳሪ ነው። የሕግ ዋስትና በማይጸናበት አገር፣ ማን በሥልጣን ላይ ይሁን ማን ወገን ሳይለይ የሚከላከል መሣሪያ የሁላችንም ንብረት ነው።

የሚቀርቡትን ሰበቦች አንድ በአንድ እንያቸው። አንደኛው «ቶር የአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ነው፤ እንዴት ይታመናል?» የሚለው ነው። ገንዘቡን ማንም አልካደም። ነገር ግን ኮዱ ለማንም የተገለጠ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ተመራማሪዎች በየጊዜው ይፈትሹታል፤ ድክመቱንም አደባባይ ያወጣሉ። የማታምነው ከሆነ አንብበው፤ ማንበብ ካልቻልህ የሚያነብልህ ወገን አሰልጥን። ጥርጣሬ ለባለሙያ የሥራ መጀመሪያ ነው፤ ለሰነፍ ግን መኝታው ነው።

ሁለተኛው «ኮዱ ክፍት ከሆነ ሰላዩም ያነበዋል» ይላል። ያንብበው! የቁልፉን አሠራር ማወቅ ቁልፉን መያዝ አይደለም። ሦስተኛው «ወንጀለኛም ይጠቀምበታል» የሚለው ነው። አዎን ይጠቀምበታል። በጨለማ የሚሄድ ሁሉ ሌባ ነው ብለን ግን ለሊት መንገደኛ መብራት አንከለክልም። ወንጀለኛ መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ አለው። በነጻ ከሚገኘው በቀር ሌላ የሌለው የክፍለ ሀገር አስተማሪውና የወረዳ ምስጢር ያወጣው ጸሐፊ ነው።

አራተኛውና የከፋው ግን «እኔ ፖለቲካ ውስጥ አልገባም» የሚለው የባለሙያዎቻችን ቃል ነው። ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ፓርቲ ግቡ ያላችሁ የለም። ሐኪም ቁስለኛ ሲያክም ወገን እንደማይጠይቅ ሁሉ፣ ይህም የሙያ ግዴታ ነው። ከገጠር ግብር ከፋይ በተሰበሰበ ገንዘብ ተምረን የወጣን ሰዎች፣ ለዚያ ገበሬ ልጅ የምንከፍለው ዕዳ ገና አለብን።

ጋሻው ሁሉን ይከላከላል እያልሁ አላታልላችሁም። እንደ ፊንስፓይ ያለ ፕሮግራም ኮምፒውተራችን ውስጥ አንዴ ከገባ ቶር አያድነንም። በትግራይ በ2020፣ በአማራ ክልል በ2023 እንደሆነው ኢንተርኔቱ ጨርሶ ሲቆረጥም ዋጋ የለውም። የማያደርገውን ማወቅ የሚያደርገውን በአግባቡ ለመጠቀም ይረዳል።

ታዲያ የሚፈለገው ምንድን ነው? የቶር ዋናው ኮድ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ አርቲ በሚል ስም በረስት እንደገና እየተጻፈ ነው። ስኖውፍሌክ የተባለው ማምለጫ በጎ ቋንቋ የተሠራ ነው። በባንክና በትላልቅ ኩባንያዎች ውስጥ እነዚህን ቋንቋዎች ስትጽፉ የምትውሉ ወገኖች፣ በሳምንት ሦስት ሰዓት ስጡ። በርካሽ ስልክና በደካማ መስመር ላይ ፈትኑት፤ ችግሩን ጻፉ፤ አርሙት። ኮድ የማያውቅም ሰው ሥራ አያጣም። የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ማብራሪያ የሚያስፈልገው መነኩሲቷም የምትረዳው ሆኖ ነው። ውጭ አገር ያለ ሰው ስኖውፍሌክን በኮምፒውተሩ የኢንተርኔት ማሰሻ ላይ ቢጭን ለታገዱ ሰዎች መሸጋገሪያ ይሆናል፤ ተጠቃሚው የሚጎበኘው ድረ ገጽም የባለቤቱን አድራሻ አያይም። አገር ቤት ያላችሁ ግን ከሁሉ በፊት ራሳችሁን ጠብቁ፤ ከእናንተ ጀግንነት አይጠበቅም።

ማኅበሮቻችንም ከአዳራሽ ኪራይ ጥቂት ቀንሰው ሁለት ወጣት ፕሮግራመሮችን ለአንድ ዓመት በደመወዝ ይቅጠሩ። በጎ ፈቃድ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያዛልቅ በ2014 ታይቷል። ያኔ ሃርትብሊድ የተባለው ጉድለት የተገኘበት ኦፕንኤስኤስኤል፣ የዓለምን የኢንተርኔት ምስጢር ተሸክሞ ሳለ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛው አንድ ብቻ ነበር።

ምልመላው ግን በጥንቃቄ ይሁን። በመጋቢት 2024 ኤክስዚ በተባለ ፕሮግራም ላይ የተደረሰበትን አስታውሱ። ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ ረዳት ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት አገልግሎ የደከመውን ባለቤት እምነት ካተረፈ በኋላ የኋላ በር ተከለበት። የደረሰበት የግማሽ ሰከንድ መዘግየት ያሳሰበው አንድ መሐንዲስ ነው። የሁለቱም ነገር ትምህርት ይሁነን፤ ብቻውን የተተወ ሠራተኛ በር ይከፍታል፤ ብዙ ዓይን ግን ሌባውን ያያል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ስንል ኖረናል። እነሆ ድሩ በእጃችን ገባ፤ የጎደለው የሚያብር ነው። ቀጣዩ መዝጊያ ሲዘጋ መግለጫ ለማውጣት የሚሽቀዳደም አናጣም። በዚያች ሌሊት መውጫውን የሚሠራው ማን እንደሆነ ግን ከዛሬ ጀምሮ መልስ እንፈልግለት።

ልብ ያለው ልብ ይበል።