ለለገዳዲ ነዋሪዎች፦ ቡችሎቹን ከነእናታቸው እናሳክም



በየግቢያችን የሚወለዱ ቡችሎች ጥቂት ሳምንት እንደቆዩ ሆዳቸው ይነፋል፣ ፀጉራቸው ይንጨፈረራል፣ እየበሉ ይከሳሉ። አንዱ ሲሞት «ከቡችላ መቼም አንድ ሁለቱ መሞቱ አይቀርም» ብለን እናልፋለን። ከዚህ ሞት በስተጀርባ ግን ብዙ ጊዜ ትል አለ፤ ትል ደግሞ መድኃኒት አለው።

ትሉ የሚመጣው ከእናት ነው። በእናቲቱ ሥጋ ውስጥ ተኝቶ የቆየው የወስፋት እጭ በእርግዝናዋ ጊዜ ይነቃና ወደ ጽንሶቹ ይሻገራል። መንጠቆ ትል ደግሞ በወተቷ ይተላለፋል፤ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ስለሚመጥ ትንሽ ቡችላን ፈጥኖ ይገድላል። ስለዚህ የታመመውን አንዱን ብቻ ማከም አይበቃም።

ጉዳዩ የልጆቻችንም ነው። ከውሻ ዓይነ ምድር ጋር የሚወጣው የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ጥቂት ሳምንት ሲቆይ በሽታ ለማስተላለፍ ይደርሳል፤ ከዚያም ለዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። አፈር ነክቶ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ሕፃን እንቁላሉን ይውጣል። እጩ ወደ ጉበትና ሳንባ፣ አንዳንዴም ወደ ዓይን ሄዶ የልጁን እይታ ሊያጠፋ ይችላል። ከግድባችን ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ውሃ ይጣራል፤ የግቢያችንን አፈር ግን ከእኛ በቀር የሚያጸዳው የለም።

ስለዚህ እነዚህን አምስት ነገሮች እንድታደርጉ እጠይቃችኋለሁ።

አንደኛ፣ ሳምንት ቁጠሩ። ቡችሎች የትል መድኃኒት የሚጀምሩት በተወለዱ በ2ኛው ሳምንት ነው። በ4ኛው፣ በ6ኛውና በ8ኛው ይደገማል፤ ከዚያ እስከ 6 ወር በየወሩ ይሰጣል። እናቲቱም አብራ ትወስዳለች። መድኃኒቱ አንጀት ውስጥ ያለውን ትል ቢያስወጣም በሰውነት ውስጥ የሚዞረው እጭ ተመልሶ ይመጣል። አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ የነበረው ትል ተመላሽ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው።

ሁለተኛ፣ መድኃኒቱን በግምት አትስጡ። ቡችላው ይመዘን፣ መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይወስን። ለትንንሽ ቡችሎች የሚታዘዘው ብዙ ጊዜ ፓይራንተል ነው። ለከብት የሚወጋው አይቨርሜክቲን በከብት መጠን ቢሰጠው ቡችላውን ሊገድለው ይችላል። ለበግ የተገዛ አልቤንዳዞልም ለቡችላ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ድዱ ነጭ የሆነ፣ የሚያስመልሰው፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘው ወይም መጥባት ያቃተው ቡችላ ካያችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። በሽታው ትል ብቻ ላይሆን ይችላል።

አራተኛ፣ የውሻውን ዓይነ ምድር በየቀኑ እየለቀማችሁ ቅበሩ፤ ልጆችም ከምግብ በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

አምስተኛ፣ በበዓል ስታርዱ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የያዘ ጉበትና ሳንባ ለውሻ አትጣሉ። ውሻው በዚያ በኩል ሌላ ዓይነት ትል ይይዘዋል። የዚህ ትል እንቁላል ወደ ሰው ሲገባ ተመሳሳይ ከረጢት በጉበትና በሳንባ ላይ ያበቅላል፤ ለቀዶ ሕክምናም ይዳርጋል። ከረጢት ያለበትን ሁሉ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት።

ለአንድ ቤተሰብ ሐኪም ማስመጣት ይከብድ ይሆናል፤ ለአንድ ዕድር ግን አይከብድም። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባችሁ ይህን አንሱ። በመንደሩ ያሉትን ውሾችና ቡችሎች መዝግቡ፣ የከተማውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋብዙ፣ አንድ ቀን ወስናችሁ ሁሉም ይዞ ይምጣ። ዕድሜያቸው ሦስት ወር የሞላቸው በዚያው ቀን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንዲያገኙም ጠይቁ። ቀኑ ሲያልቅ ቀጣዩን መድኃኒት የሚወስዱበትን ቀን ሳትጽፉ አትበተኑ።